ሁለት ፖሊሶች ከአንድ እጅ፦ የለንደንና የአየርላንድ ፖሊስ አመሠራረት

ዛሬ ፖሊስ ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው፣ በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚዘዋወርና ወንጀልን የመከላከልና የመመርመር ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ቋሚ ኃይል በአብዛኛው የዓለም ክፍል ዕድሜው ከሁለት መቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። ዳኛውም፣ እስር ቤቱም፣ የጦር ሠራዊቱም ከእሱ በብዙ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው። የዚህን ኃይል ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በ1829 በለንደን ከተቋቋመው ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ነው (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ተብሎ ካልተመለከተ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ አጀማመር ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው፤ የለንደኑን ፖሊስ ያቋቋመው ሮበርት ፒል ከዚያ 15 ዓመት አስቀድሞ በአየርላንድ መሣሪያ የታጠቀና እንደ ጦር ሠራዊት የተደራጀ ሌላ ኃይል አቋቁሞ ነበርና። ለንደን ስሟን ለዓለም ፖሊስ ብትሰጥም፣ በብሪታንያ ግዛተ ዓፄ ሥር በነበሩት አገሮች በብዛት የተቀዳው አደረጃጀት የአየርላንዱ ነው።

በእንግሊዝ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ጸጥታን ማስከበር የነዋሪው ሁሉ ግዴታ እንጂ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አልነበረም። በ1285 የወጣውና የዊንቸስተር ድንጋጌ በመባል የሚታወቀው ሕግ ይህንኑ የቆየ ልማድ ሲያጸና፣ በየከተማው ነዋሪው በተራ የሌሊት ጥበቃ እንዲቆም፣ የእሪታ ድምፅ ሲሰማም ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ መሣሪያውን ይዞ እየወጣ ወንጀለኛውን ከአንዱ መንደር ወደሚቀጥለው እየተቀባበለ እንዲያሳድድ፣ ዘራፊው ሳይያዝ ከቀረ ደግሞ ዝርፊያው የተፈጸመበት አካባቢ ሕዝብ ጉዳቱን በጋራ እንዲክስ አዝዞ ነበር። የዚህ ሕግ መንፈስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአንዳንዱ አገር አውጫጭኝ፣ በሌላው አፈርሳታ ይባል የነበረው ሥርዓት፣ ማለትም ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን የሚደረግበት ልማድ፣ የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን አያጣውምና ያወቀውን ሳይናገር ከቀረ እሱም ተጠያቂ ይሆናል። ሁለቱም ሥርዓቶች የሚሠሩት ግን ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት መንደር ውስጥ ሲሆን፣ ነዋሪው ከየአቅጣጫው የተሰባሰበበትና ትላንት የገባው ነገ የሚወጣበት ትልቅ ከተማ ሲፈጠር መሠረታቸው ይናጋል።

ለንደን እንዲህ ያለች ከተማ ነበረች። በ1801 የተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿን ቁጥር ወደ 1 ሚሊዮን ያደረሰው ሲሆን፣ ይህንን ሁሉ ሕዝብ እንዲጠብቅ የተተወው ግን ያው የመንደር ሥርዓት ነበር። ኮንስታብል የሚባለው ሹም በየአጥቢያው ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል የሚመረጥ ነዋሪ ሲሆን፣ አቅም ያለው ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ በምትኩ ሌላ ሰው ስለሚያቆም ሹመቱ ውሎ አድሮ ሌላ መተዳደሪያ ባጡ ሰዎች እጅ ወደቀ። ፋኖስና ዱላ ይዘው ሰዓት እየጠሩ የሚዞሩት የሌሊት ዘበኞችም ክፍያቸው እጅግ አነስተኛ፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ በመሆናቸው የከተማው ሰው መሳለቂያ ነበሩ፤ ምንም እንኳ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በአንዳንድ ሀብታም አጥቢያዎች የነበሩት ዘበኞች ከሚነገርባቸው የተሻሉ ቢሆኑም።

መንግሥት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው በፍርሃትና በገንዘብ ነበር። ፍርሃቱ የሞት ቅጣት ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሰውን ለስቅላት የሚያበቁ ወንጀሎች ቁጥር ከ200 አልፎ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ሽልማት ነው፤ በ1692 የወጣ ሕግ በአውራ ጎዳና ላይ የሚዘርፍ ሽፍታ ይዞ ላስፈረደ ሰው 40 ፓውንድ እንዲከፈለው ደነገገ። ከዚህም ሽልማት “ሌባ አዳኝ” የሚባሉ፣ ወንጀለኛ ይዞ ማስረከብን መነገጃቸው ያደረጉ ሰዎች ተፈጠሩ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ጆናታን ዋይልድ በአንድ በኩል ሌቦችን ራሱ እያሰማራ የተሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ በክፍያ ይመልስ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያልታዘዙትን ሌቦች ለፍርድ እያቀረበ ሽልማቱን ይቀበል የነበረ ሲሆን፣ በ1725 እሱም በተራው ተሰቀለ። ወንጀል ከተፈጸመ በኋላ ለሚያዝ ወንጀለኛ ብቻ የሚከፍል መንግሥት ወንጀሉ እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰው ማፍራቱ የማይቀር መሆኑን ከዋይልድ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ወደ ደመወዝተኛ ፖሊስ የተወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃዎች ትንንሽ ነበሩ። በቦው ስትሪት ችሎት ዳኛ የነበረው ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ጥቂት የታመኑ ኮንስታብሎችን ሰብስቦ ወንጀለኛ የሚከታተል ቡድን አቋቋመ፤ እሱ ሲሞትም ዓይነ ስውር የነበረው ወንድሙ ጆን ፊልዲንግ ሥራውን ተረክቦ የተሰረቁ ዕቃዎችንና የተፈላጊዎችን መልክ የሚዘረዝር ጋዜጣ እስከማሳተም አደረሰው። በ1798 ደግሞ ከካሪቢያን ደሴቶች ስኳርና ሌላ ሸቀጥ የሚያስመጡ ነጋዴዎች አብዛኛውን ወጪ ችለው በቴምዝ ወንዝ ላይ የመርከብ ጭነት የሚጠብቅ ፖሊስ አቆሙ፤ ይህንንም ሐሳብ ያፈለቁት ዳኛው ፓትሪክ ኮልኹንና መርከበኛው ጆን ሃሪየት ናቸው። በወንዙ ላይ የሚሠሩት ወዛደሮች ከሚያራግፉት ጭነት ጥቂት መውሰድን የቆየ መብታቸው አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር፣ ፖሊሱ ለነጋዴው ንብረት ጠባቂ ሲሆን ለእነሱ ግን የደመወዛቸው ቀማኛ ሆኖ ታያቸውና በዚያው ዓመት በጣቢያው ላይ ረብሻ አስነሡ። ፖሊስ በተቋቋመበት ሁሉ “የሚጠብቀው ማንን ነው?” የሚለው ጥያቄ አብሮት መወለዱን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል።

ይህ ሁሉ እየተሠራ እንግሊዞች ለአገሪቱ ዋና ከተማ አንድ ወጥ ፖሊስ ለማቋቋም ለምን ያን ያህል ዘመን አመነቱ? መልሱ ፈረንሳይ ነው። በፓሪስ ከ1667 ጀምሮ ለንጉሡ ብቻ ተጠሪ የሆነ የፖሊስ ሹም የነበረ ሲሆን፣ ሥልጣኑም ከመንገድ ጽዳትና ከእህል ገበያ እስከ መጻሕፍት ቁጥጥርና እስከ ስለላ ይደርስ ነበር። በናፖሊዮን ዘመን የፖሊስ ሚኒስትር የነበረው ጆሴፍ ፉሼ ይህንን የስለላ መረብ ይበልጥ ስላሰፋው፣ በእንግሊዞች ጆሮ ፖሊስ የሚለው ቃል ሰላይና አምባገነንነት ማለት ነበር። በ1780 ጎርደን በተባለ ባላባት የተመራ ፀረ ካቶሊክ ሰልፍ ወደ ሁከት ተለውጦ ለንደን ለቀናት ስትቃጠልና ኒውጌት የተባለው ታላቅ እስር ቤት ሲጋይ፣ ሁከቱ የቆመው በወታደር ጥይትና በብዙ መቶ ሰዎች ሞት ቢሆንም፣ በ1785 ለፓርላማ የቀረበው የፖሊስ ረቂቅ ሕግ በተለይ የከተማዋ እምብርት በሆነችው በለንደን ሲቲ ሹማምንት ተቃውሞ ወደቀ። ለለንደን ነፃ ሕዝብ አይገባም ተብሎ የተጣለው ሐሳብ ግን በሚቀጥለው ዓመት በደብሊን ሕግ ሆኖ ጸደቀ፤ አየርላንዳውያን በ1786 የደንብ ልብስ የለበሰና ጠመንጃ የያዘ የከተማ ፖሊስ በላያቸው ቆመ።

ፒል ወደ ደብሊን የሄደው ይህ ከሆነ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1812 የአየርላንድ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሲሾም ዕድሜው ገና 24 ነበር። የአገሪቱ ገበሬ አብዛኛው ካቶሊክ፣ ባለርስቱ አብዛኛው ፕሮቴስታንት በመሆኑ በመሬት ኪራይና በአሥራት ግብር ምክንያት የሚነሣው የገጠር ዐመፅ አያባራም፤ ዐመፁን ለማብረድ በየጊዜው ወታደር መላክ ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር በጦርነት ላይ ለነበረው መንግሥት ከአቅም በላይ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ፒል በ1814 የሰላም ማስጠበቂያ ኃይል የተባለውን አቋቋመ። ይህ ኃይል ጸጥታዋ ደፍርሷል ተብላ ወደምትታወጅ አውራጃ የሚላክ የታጠቀ ቡድን ሲሆን፣ ወጪውም በዚያችው አውራጃ ነዋሪ ላይ ይጣል ስለነበር መምጣቱ ራሱ እንደ ቅጣት ይቆጠር ነበር። ፖሊሶችን በፒል ስም “ፒለር” እያሉ መጥራትም የተጀመረው እዚያው አየርላንድ ውስጥ ነው።

በእንግሊዝ በኩል የሰዉን አስተያየት ቀስ በቀስ የለወጠው ወታደርን በሕዝብ ላይ የማሰማራት ውጤት ነበር። በነሐሴ 1819 በማንችስተር ከተማ የምርጫ ሕግ እንዲሻሻል ለመጠየቅ በተሰበሰበ ወደ 60,000 በሚገመት ሕዝብ መካከል ፈረሰኛ ጦር ገብቶ በጎራዴ ቢያንስ 15 ሰው ገደለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩትንም አቆሰለ። ያም ሆኖ በ1822 ፒል ራሱ በሰብሳቢነት የመራው የፓርላማ ኮሚቴ ብርቱ ፖሊስና የዜጋ ነፃነት አብረው ሊሄዱ አይችሉም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። የአገር ግዛት ሚኒስትር የሆነው ፒል ግን አልተወውም፤ የወንጀል መዝገቦች የሚያሳዩትን የቁጥር ዕድገት ለፓርላማው እያቀረበ፣ ዋናዋን ተቃዋሚ ለንደን ሲቲን ከሕጉ ውጭ በማድረግ፣ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ሕግን በሰኔ 1829 አስጸደቀ። በዚህም ምክንያት ሲቲ እስከ ዛሬ የራሷ ፖሊስ አላት።

የአዲሱ ኃይል አደረጃጀት በጥንቃቄ የታሰበበት ነበር። ኮሚሽነሮቹ ሁለት ሲሆኑ፣ ቻርልስ ሮዋን በዋተርሉ የተዋጋ ኮሎኔል፣ ሪቻርድ ሜይን ደግሞ ከደብሊን የመጣ የሕግ ባለሙያ ነበር። የወታደሩን ሥርዓትና የጠበቃውን ጥንቃቄ በአንድ ቢሮ ያስቀመጠው ይህ ጥንድነት ለሃያ ዓመት ያህል ዘለቀ። ከተማዋ በ17 ክፍሎች ተከፈለች፤ ክፍሎቹም እያንዳንዱ ኮንስታብል ብቻውን ሊዞራቸው በሚችላቸው የጥበቃ መስመሮች ተሸነሸኑ፤ ኮንስታብሉም መስመሩን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ርጋታ እንዲራመድ ታዘዘ። ልብሱ ከወታደሩ ቀይ እንዲለይ ሰማያዊ ሆነ፤ ከላዩም ረጅም ቆብ አደረገ፤ የያዘውም በኮቱ ጅራት ሥር የተደበቀ አጭር ዱላና ረዳት የሚጠራበት የእንጨት ማንጓጊያ ብቻ ነበር። ይሁንና ያልታጠቀ ፖሊስ የሚባለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ለአደገኛ ሥራ የሚታደሉ ጎራዴዎችና ሽጉጦች በጣቢያዎች ተቀምጠው ነበር። የኮንስታብሉ ደመወዝ በሳምንት 21 ሺሊንግ ሲሆን፣ ይህ ሙያ ላለው ሠራተኛ የማያስጎመጅ፣ ለቀን ሠራተኛ ግን የማይናቅ ክፍያ ነበር። ፒልም የመኳንንት ልጆች በሹመት እንዲገቡ ስላልፈለገ ኢንስፔክተሮቹና ሳጅኖቹ ከሥር እያደጉ እንዲወጡ አደረገ።

መስከረም 29 ቀን 1829 ማምሻውን የመጀመሪያዎቹ ኮንስታብሎች ወደ መንገድ ወጡ። ቁጥር 1 የተሰጠው ኮንስታብል በዚያው ቀን በስካር ምክንያት ተባረረ። እሱ የጀመረውን ብዙዎች ተከተሉት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተቀጠሩት መካከል አብዛኞቹ በስካርና በሌላ የዲሲፕሊን ጉድለት ተሰናብተዋል ወይም ሥራው ከብዷቸው ለቅቀዋል። ይህ እንደ ውድቀት የሚቆጠር አይመስልም፤ ይልቁንም የቀድሞው ዘበኛ ሰክሮ ሲገኝ የሚጠይቀው ያልነበረ ሲሆን፣ አዲሱ ኮንስታብል የሚጠይቀው አለቃ፣ የሚመዘገብበት ደብተርና ሊያጣው የሚችል ደመወዝ ስለነበረው ነው መባረር የተቻለው። ኮሚሽነሮቹ ባወጡት የመጀመሪያ መመሪያ የኃይሉ ተቀዳሚ ዓላማ ወንጀልን መከላከል መሆኑን አስፍረዋል፤ የዋይልድን ዘመን ሥርዓት የገለበጠውም ይኸው ነው።

ሕዝቡ ወዲያውኑ አልተቀበላቸውም። አጥቢያዎች ለማያዙበት ኃይል ግብር መክፈላቸው አስቆጣቸው፤ ሠራተኛው ደግሞ የቢራ ቤቱንና የመንገድ ላይ ጨዋታውን የሚበትን ሰው አድርጎ ቆጠራቸው። በግንቦት 1833 ኮልድባዝ ፊልድስ በተባለ ሜዳ ፖሊስ የፖለቲካ ስብሰባ ሲበትን አንድ ኮንስታብል በስለት ተወግቶ ሞተ፤ ስለ አሟሟቱ እንዲፈርዱ ከነዋሪው የተመረጡት ሰዎች ግን ግድያው በሕግ የሚያስጠይቅ አይደለም ብለው ወሰኑ። ውሳኔው በበላይ ፍርድ ቤት ቢሻርም ፈራጆቹን የከተማው ሰው እንደ ጀግና አከበራቸው። በዚያው ዓመት ፖፔይ የተባለ ሳጅን ሲቪል ለብሶና ሠዓሊ ነኝ ብሎ በአንድ የፖለቲካ ማኅበር ውስጥ ለወራት መሰለሉ ሲደረስበት ጉዳዩ በፓርላማ ኮሚቴ ተመረመረና ከሥራው ተሰናበተ። የደንብ ልብስ ያልለበሰ ፖሊስ ይህን ያህል ይፈራ ስለነበር፣ ስኮትላንድ ያርድ የመጀመሪያውን የመርማሪዎች ክፍል ያቋቋመው በ1842 ሲሆን፣ ያንጊዜም የክፍሉ አባላት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስኮትላንድ ያርድ የሚለው ስም የዋናው መሥሪያ ቤት የኋላ በር ይከፈትበት ከነበረው ሥፍራ የተወሰደ ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የፖሊስ ማሠልጠኛዎች “የፒል መርሆዎች” የሚባሉ ዘጠኝ ነጥቦች ያስተምራሉ፤ ከእነሱም መካከል ፖሊስ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብም ፖሊስ ነው የሚለው ሐሳብ ይበልጥ የታወቀ ነው። እነዚህ ነጥቦች ግን በዚህ መልክ በ1829 ሰነዶች ውስጥ አይገኙም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቻርልስ ሪዝ የተባለው የፖሊስ ታሪክ ጸሐፊና ሌሎች ከቀድሞው መመሪያ መንፈስ ቀድተው ያሰናዷቸው ናቸው። መርሆዎቹ መልካም መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን አዲሱ ፖሊስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሕዝብ ፈቃድ የቆመ እንደነበር አድርጎ ማቅረቡ፣ ፈቃዱ በዝግታና በብዙ ጠብ የተገኘ መሆኑን ይሸፍናል። በተቀረው የእንግሊዝ ምድር እንኳ አውራጃዎች ፖሊስ እንዲያቋቁሙ በ1839 ሕግ ተፈቀደ እንጂ አልተገደዱም፤ ግዴታ የሆነው በ1856 ነው።

በአየርላንድ የነበረው አካሄድ ሌላ ነው። በ1814 የተጀመረው ኃይል በ1822 በየአውራጃው ቋሚ ፖሊስ ሆኖ ተስፋፋ፤ በ1836 ደግሞ ከደብሊን በሚታዘዝ አንድ ዋና ኢንስፔክተር ሥር ተጠቃለለ፤ በ1867 የፊንያኖችን፣ ማለትም አየርላንድን ነፃ ሪፐብሊክ ለማድረግ የተነሡትን ዐማፅያን እንቅስቃሴ ካከሸፈ በኋላ ንጉሣዊ የሚል ቅጽል ተጨመረለት። አባላቱ ከ10,000 በላይ ሲሆኑ፣ የሚኖሩት በሕዝቡ መካከል ቤት ተከራይተው ሳይሆን በየገጠሩ በተሠሩ ካምፖች ውስጥ ነበር። አጭር ጠመንጃ ይታጠቃሉ፤ በተወለዱበትም ሆነ ሚስታቸው በተወለደችበት አውራጃ እንዳይመደቡ ደንቡ ይከለክላል፤ ተራው አባል በብዛት ካቶሊክ ሲሆን አለቆቹ ግን በብዛት ፕሮቴስታንት ነበሩ። ሥራቸውም ወንጀል ከመከላከል ብዙ የሰፋ ነበር፦ ጭሰኛ ከመሬቱ ሲነቀል ያጅባሉ፣ የሕዝብ ቆጠራ ያካሂዳሉ፣ በየዓመቱ የተዘራውን እህልና የከብቱን ብዛት ይመዘግባሉ። ለማዕከላዊው መንግሥት ዓይንም ጆሮም፣ ሲያስፈልግም ክንድ ነበሩ።

በሩቅ አገር ጥቂት ሹማምንት ብዙ ሕዝብ ለሚገዙበት መንግሥት የሚስማማው ይኸኛው እንጂ ዱላውን በኮቱ ሥር የደበቀው የለንደን ኮንስታብል አልነበረም። ጄኔራል ቻርልስ ናፒየር በ1843 ሲንድ የተባለውን የህንድ ክፍለ አህጉር አገር ይዞ ወደ ብሪታንያ ግዛት ሲጨምር ያቋቋመው ፖሊስ የአየርላንዱን የተከተለ ነበር፤ ከ1857ቱ የህንድ ታላቅ ዐመፅ በኋላ የወጣው የ1861 የህንድ ፖሊስ ሕግም የዚህ ልጅ ሲሆን፣ የክፍለ አህጉሩ አገሮች ነፃ ከወጡ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ እንኳ ሲሠራበት ኖሯል። ከ1907 ጀምሮ ለቅኝ ግዛቶች ፖሊስ የሚመደቡ መኮንኖች በደብሊን ፊኒክስ ፓርክ በሚገኘው የአየርላንድ ፖሊስ ማሠልጠኛ እንዲያልፉ ተደረገ። አየርላንድ ነፃ ስትወጣ ኃይሉ በ1922 ቢፈርስም፣ ከሥራ ከወጡት አባላቱ መካከል ብዙዎቹ ወደ ፍልስጤም ተሻግረው በዚያ የተቋቋመውን የብሪታንያ ጀንዳርሜሪ፣ ማለትም ወታደራዊ ፖሊስ፣ ተቀላቀሉ። እርግጥ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች የአየርላንድ አርአያነት ከመጠን በላይ ተጋንኗል ይላሉ፤ እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እያዛመደ ከሁለቱም ወስዷልና። መከራከሪያው ክብደት ቢኖረውም ካምፑን፣ ጠመንጃውንና ከመሀል የሚወርደውን ትእዛዝ በየቦታው የሚያስቀር አይደለም።

የተጓዘውም ነገር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። የጣት አሻራን በመዝገብ ለይቶ የማስቀመጥ ዘዴ የተጠናቀቀው በህንዷ ቤንጋል ሲሆን፣ የዚያ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኤድዋርድ ሄንሪ፣ ከሁለት የአካባቢው ተወላጅ ረዳቶቹ ከአዚዙል ሐቅና ከሄም ቻንድራ ቦስ ጋር በሠራው አመዳደብ መሠረት በ1897 በካልካታ የመጀመሪያው የአሻራ ቢሮ ተከፈተ። የስሌቱን ዋና ክፍል የሠራው ሐቅ ሆኖ ሳለ ዘዴው በሄንሪ ስም ቀረ። ስኮትላንድ ያርድ ዘዴውን በ1901 ተቀበለ፤ ሄንሪም በ1903 የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነ። አስተዳዳሪው ገጽታውን ለይቶ ሊያውቀው ያልቻለውን ተገዥ ሕዝብ ለመመዝገብ የተፈለሰፈው መሣሪያ በዚህ መንገድ ለለንደን ሌባ ዋለ።

ኢትዮጵያ ቅኝ ያልተገዛች በመሆኗ በዚህ መስመር ላይ ያላት ቦታ የተለየ ነው። አዲስ አበባ ከጣልያን ወረራ በፊት የአራዳ ዘበኛ ይባል የነበረ የከተማ ጠባቂ ነበራት፤ አገር አቀፍ ፖሊስ በሕግ የቆመው ግን ከነፃነት በኋላ፣ ብሪታንያ በአገሪቱ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ በነበራት ጊዜ ነው። በጥር 1934 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተፈረመው ስምምነት ብሪታንያ ለኢትዮጵያ አማካሪዎችንና ዳኞችን ብቻ ሳይሆን የፖሊስ ኮሚሽነርና የፖሊስ መኮንኖችንም እንድትመድብ የሚያደርግ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ኃይሉን ሕጋዊ መልክ ሰጠው። ኮንስታብል የሚለው ማዕረግ ከለንደን መጣ፤ አደረጃጀቱ ግን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ከመሀል የሚታዘዝ፣ ጠመንጃ የሚታጠቅ፣ ከመደበኛው ፖሊስ ጎንም እንደ ጦር የሚሰለፍ ክፍል ያለው ሆነ። መኮንኖቹም የሚጠሩት በሠራዊቱ ማዕረግ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያካሂዱ ከጎናቸው ተሰልፈው በውጊያው የሞቱት ጽጌ ዲቡ የፖሊስ ሠራዊቱ ኮሚሽነር ሲሆኑ፣ ማዕረጋቸው ብርጋዴር ጄኔራል ነበር።